ጋሽ ዘውዱ የጻፏቸው ዘጠኝ ስሞች

የጋሽ ዘውዱን ማረፍ የሰማሁት ባሕር ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ትዕግሥት ነበረች። «ብርቄ፣ አባባ ዐረፈ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ባጃጁ የምሄድበት ቦታ ደርሶ ሲቆም አልወረድኩም። ሾፌሩ ዞሮ ሲያየኝ «ወደ መናኸሪያ መልሰኝ» አልኩት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ጋሽ ዘውዱ ማን ነበሩ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የቀበሌ መዝገብ ሠራተኛ ነበሩ። እኔም በዚያው ክፍል አብሬያቸው ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይወጣላቸው ሰው ነበሩ። በጋም ክረምትም ከኮታቸው ሥር ሹራብ፣ ከአንገታቸው ላይ ፎጣ አይለይም። የመነጽራቸው አንድ እግር ተሰብሮ በክር ታስሯል። የሰው ስም ከመጻፋቸው በፊት የእስክሪብቶውን ጫፍ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ሞክረው ቀለሙ መውረዱን ያያሉ። ከዚያ «ስምዎን እንደገና ይንገሩኝ» ይላሉ፣ አንዴ ቢሰሙትም። «ስም ሲጻፍ አይቸኮልም ብርቄ። የተሳሳተ ስም ይዞ የሚዞር ሰው በየቢሮው ሲለምን ነው የሚኖር» ይሉኝ ነበር። ሞቶ የሚሰረዝ ሰው ሲኖር ደግሞ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ነው መስመሩን የሚያሰምሩት። ይህን ሲያደርጉ የሚያያቸው ሰው ይኑር አይኑር ግድ አልነበራቸውም።

በመታወቂያ ፎርሙ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ አለ። ጋሽ ዘውዱ ሌላውን ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ እሱን መጨረሻ ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሐኪም ስለሚያሳፍር በሽታ እንደሚጠይቀው ነበር የሚጠይቁት። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ይህን አላወቅኩም። አንድ ቀን ከጋፋት የመጡ ሽማግሌ ፊቴ ተቀምጠው ጮክ ብዬ «ብሔርዎ ምንድን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ጊዮርጊስ» አሉኝ።

«ደብርዎን አይደለም የጠየቅኩዎት፣ ብሔርዎን ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

ማስረዳት አቃተኝ። «ዘርዎ ማለት ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ዘንድሮስ ገብስ ነው የዘራሁ» አሉኝ።

ጋሽ ዘውዱ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሽማግሌውም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ግን ጋሽ ዘውዱ ወደ እኔ ዞረው «ሰው ማን ነህ ሲሉት የሚመልሰው የሚቀበርበትን ደብር ነው። እኛ ነን ሌላ የምናስተምረው» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እማማ ዘሀራ መጡ። ይፋግ ተወልደው፣ ደብረ ታቦር ለጨርቅ ነጋዴ ተድረው፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ ሱቁን ያልዘጉ ሴት ናቸው። ፎርማቸው ላይ «አማራ» ብዬ የጻፍኩትን የልጅ ልጃቸው ቢያነብላቸው ተቆጥተው ተመለሱ። «ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ እስላም ነኝ። አማራ ብለሽ ጻፍሽኝ?» አሉኝ። እኔ ሃይማኖት ሌላ ብሔር ሌላ ነው ብዬ ላስረዳ ስል ጋሽ ዘውዱ በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና የባላቸውን ዘመን፣ የይፋግን ገበያ ሲያጫውቷቸው ቆዩ። እማማ ዘሀራ ተረጋግተው ሲሄዱ «ጥንት በእኛ አገር አማራ ማለት ክርስቲያን ማለት ነበር። የእሳቸው አማራና የፎርሙ አማራ አንድ አይደለም» አሉኝ። ፎርሙን አልቀየሩትም፣ እሳቸውንም አላረሟቸውም።

ማታ ማታ ከሥራ ስንወጣ ቤታችን በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ አብረን ነበር የምንሄደው። መንገድ ላይ የማያውቁት ግቢ የለም። «ይሄን ታያለሽ? አያትየው ከወለጋ በወታደርነት መጥቶ፣ የገሳይ ልጅ አግብቶ እዚሁ የቀረ ነው። እዚያ ማዶ ደግሞ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፣ ቤተ እስራኤሎች። የአባቴን ማረሻ የሚያሳሉት እነሱ ነበሩ። ሲሄዱ በደንብ አልሸኘናቸውም። ከታች ያሉት ሸማኔዎቹ ናቸው። ከጎናቸው ያለው ደግሞ ከትግራይ በድርቅ ጊዜ የመጣ ነው፤ ልጆቹ ትግርኛ አይሰሙም።»

«እርስዎስ ጋሽ ዘውዱ?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«እኔማ ምኑ ቅጡ» አሉ። «እናቴ የጋፋት ናት። አያቷ እዚያ ከፈረንጆቹ ጋር መድፍ ያቀልጡ ከነበሩት አንዱ ነው ይባላል። እናቴ የድመት ዓይን ነበራት። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት ሰው ግን የለም።» ትንሽ ሄድን። «እኔም አማራ ብዬ ነው የሞላሁት። ፎርሙ አንድ ቃል ነው የሚይዘው።»

የጋሽ ዘውዱ የቅርብ ጎረቤት እትዬ ለታይ ነበሩ። ባላቸው የገሳይ ሰው፣ ወታደር ነበር። ትግራይ ዘምቶ ሳለ አግብቷቸው፣ በልጅነታቸው ይዟቸው መጣ። ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞተ፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። በእግር በምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ይኖሩ ነበር። በሠፈሩ እሳቸው ያላለበሱት ልጅ አይገኝም። የጋሽ ዘውዱ ባለቤት ታምመው አልጋ በያዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ያጠቧቸው፣ ያጎረሷቸው እትዬ ለታይ ናቸው። ትዕግሥትንም ክርስትና ያነሷት እሳቸው ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የገጠር ሰው አማርኛ ነበር፤ ሲናደዱ ብቻ ነው ትግርኛ የሚወጣቸው።

መታወቂያ ሊያድሱ የመጡ ቀን «ብሔር ደብረ ታቦር ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ጋሽ ዘውዱ ከጠረጴዛቸው ሆነው «እትዬ ለታይ፣ ከተማ ብሔር አይሆንም እኮ» አሏቸው።

«ለማን ነው የማይሆነው? አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ «ትግሬ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ ነገር ነበር። በክረምቱ ግን ወደ እኛ ተጠጋ። ከነፋስ መውጫ አቅጣጫ የተፈናቀለው ሰው በገሳይ አድርጎ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ ከተማው ገባ። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ከጉና በኩል የመድፍ ድምፅ ይሰማ ነበር። የዚያ ዓመት ቡሄ ጅራፍ አልጮኸም፤ ሰው ድምፅ ሲሰማ ይደነግጥ ስለነበር ልጆቹን ከለከልናቸው። በየሠፈሩ ልጁ ሞቶበት ሬሳ ያላገኘ ሰው ነበር። ያ ሁሉ ፍርሃትና ሐዘን መውደቂያ ይፈልግ ነበር፣ አገኘም። አብሮ አደግ የነበረው ሰው ትግሬ የሆነ ጎረቤቱን ሰላምታ መንሳት ጀመረ።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ቢሯችን መጡ። የት እንደሚሠሩ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በቀበሌው ያሉ የትግራይ ተወላጆች ስም ዝርዝር ከመዝገቡ ወጥቶ እስከ ነገ ይዘጋጅ አሉ።

ጋሽ ዘውዱ «ለምን ጉዳይ?» ብለው ጠየቁ።

«ለራሳቸው ደኅንነት ነው። ሰው ስሜታዊ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ይጠበቃሉ።»

«በደብዳቤ ቢሆን።»

«ጊዜው የደብዳቤ አይደለም አባት» አለ አንደኛው፣ በትሕትና።

ጋሽ ዘውዱ እሺ አሉ። ያን ቀን ምሳ አልወጡም። እኔ ልርዳዎት ብላቸው «ተይው፣ አንቺ አትንኪው» አሉኝ። እንደ ልማዳቸው እስክሪብቶውን ጥፍራቸው ላይ ሞከሩና እያንዳንዱን ስም ከነአባት ከነአያት፣ ሳይሳሳቱ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉ። ማኅተሙ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝ። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ስም ነው። ጎማ የሚሠራው ኪሮስ፣ የእትዬ ለታይ የእኅት ልጅ፣ አራተኛ ላይ አለ። እትዬ ለታይ የሉም።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን ያያሉ።

«አይተሻል» አሉኝ።

«አላየሁም ጋሽ ዘውዱ።»

«አይተሻል። ይሁን፤ ምቺበት።»

መታሁበት። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። እትዬ ለታይ ተረፉ ብዬ ጋሽ ዘውዱን በልቤ መረቅኳቸው። የተጻፉት ዘጠኙ ለቅጽበት እንኳ አልታሰቡኝም።

በማግስቱ ሰዎቹ ከየቤታቸውና ከየሥራቸው ተለቀሙና ከተማው ዳር ወዳለ ባዶ የእህል መጋዘን ተወሰዱ። ኪሮስ የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ሳለ ነበር የመጡበት። እጁን ሳይታጠብ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬ ተነሣ። የታሰሩት ሰዎች ቤተሰቦች «ለታይ ብቻዋን የቀረችው ጠቁማ ነው» አሉ፤ ቀሪው ሰው ደግሞ «እሷስ ለምን ትቀራለች?» ይል ጀመር። ዩኒፎርም የሚያሰፋ ጠፋ። ከወንዝ ውኃ ሲቀዱ እንኳ ማንም አያናግራቸውም ነበር። እኔም አላናገርኳቸውም፤ መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ማዶ እሻገር ነበር።

አንድ ጠዋት ቢሮ መጡ። ዝናብ እየጣለ ነበር፣ ጋቢያቸው ረጥቦ ከብዷል። ጋሽ ዘውዱ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይቀመጡ እትዬ ለታይ።»

«አልቀመጥም። ዘውዱ፣ ያን ዝርዝር የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ኪሮስን ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«እኔን ለምን ተውከኝ?»

ጋሽ ዘውዱ የያዙትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እጄ እምቢ አለኝ» አሉ።

«ለኪሮስ ግን እሺ አለህ።» ድምፃቸው አልጮኸም። «ለእኔ ማዘንህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እየው ዘውዱ፣ እኔ ላንተ ለታይ ነበርኩ። እሱ ግን ትግሬ ነበር። ያ ልጅ የብስክሌትህን ጎማ ሲያስተካክልልህ ስንት ዓመቱ ነው? ቤትህ ገብቶ እንጀራ አልበላም?»

«በልቷል።»

«አሁን ጻፈኝ።»

«አልጽፍም እትዬ።»

«ጻፈኝ አልኩህ። እዚያ ውስጥ ያሉት ሸጠችን እያሉኝ ነው። እዚህ ያላችሁትም አላወቃችሁኝም። የት ልኑር?»

ጋሽ ዘውዱ ተንበርክከው እግራቸውን ያዙ። ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሰው በቢሮ ወለል ላይ ሲንበረከኩ ማየት ከበደኝ። እትዬ ለታይ እጃቸውን ይዘው አነሧቸውና ወጡ።

ጻፈኝ ብለው ለመኑ እንጂ መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ብርድ ልብስና ድስት ይዘው በዚያ ዝናብ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ጋሽ ዘውዱ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሉ ነበር፣ እኔም እሳቸውን ተከተልኩ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ የሠፈራችን ጎረምሳ ነው። ልብስ ሰፍተውለት ያደገ ልጅ ስለሆነ አፈረ።

«እትዬ ለታይ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ» አላቸው።

«ቤቴ ማን አለ ልጄ? ስሜን ረስተውት ነው፣ አስገባኝ።»

ልጁ ወደ ውስጥ ገብቶ አለቃውን ጠይቆ ተመለሰ። በሩን ከፈተላቸው።

ውስጡን እኔ አላየሁትም፤ በኋላ ኪሮስ ነው የነገረኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። መጀመሪያ ላይ ታሳሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩባቸው። እሳቸው ምንም አልተናገሩም። መርፌና ክር ይዘው ገብተው ስለነበር የተቀደደውን ልብስ ሁሉ ይጠግኑ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አንዷ ሴት አጠገባቸው ተኛች። ብርድ ልብሱን ሳል ለጠናበት አንድ መምህር ሰጡት፣ እሳቸው በጋቢ ቀሩ።

ጋሽ ዘውዱ በየቀኑ ስንቅ ይዘው በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ እሳቸውን አያስገቧቸውም። እትዬ ለታይ ማሳል ጀመሩ ሲባል ግን ጋሽ ዘውዱ ወደ ላይኛው ቢሮ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ካጣ ብዙ ቀን የሆነው ይመስላል።

«የወይዘሮዋ ስም በዝርዝሩ ላይ የለም። ምን ተብለው ነው የተያዙት?» አሉት ጋሽ ዘውዱ።

ወረቀቱን አውጥቶ አየ። «ለምንድን ነው የሌሉት? ትግሬ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ተውካቸው?»

«ጎረቤቴ ስለሆኑ።»

«ሌሎቹስ?»

ጋሽ ዘውዱ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈትተው እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። «የሌሎቹ ጎረቤት አልነበርኩም» አሉ።

ኃላፊው ስለ መረጃ መደበቅ ብዙ ተቆጣ። እኔ ጋሽ ዘውዱን ነበር የማየው። ቁጣውን የሰሙት አይመስለኝም። የራሳቸውን መልስ ነበር የሚሰሙት።

እትዬ ለታይን የለቀቋቸው እስትንፋሳቸው ሲያጥር ነው። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆዩ። ጋሽ ዘውዱ ከአልጋው አልተለዩም። ውኃ በማንኪያ ሲሰጧቸው ይቀበሏቸው ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፣ አልረገሟቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ እያለሁ፣ «ዘውዱ፣ ኪሮስን አስወጣው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ በትግርኛ ነበር። የሚሰማቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

ሲያርፉ፣ ለቀብሩ የዕድሩን ሰዎች ስንጠይቅ አጉረመረሙ። «ጊዜው ክፉ ነው። ቀብረናት እንበተን፣ ድንኳን ይቅር» አሉ። እትዬ ለታይ የዚያ ዕድር አባል የሆኑት ከብዙዎቹ በፊት ነው። ጋሽ ዘውዱ አልተከራከሩም። ተነሥተው እማማ ዘሀራ ዘንድ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የእስላሞቹ ዕድር ድንኳን በእትዬ ለታይ ደጃፍ ተተከለ። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ካህኑ ግን ፍትሐቱን አላሳጠሩም። ሦስቱንም ቀን እማማ ዘሀራ ከድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው ለሚመጣውም ለሚያልፈውም «ግቡ፣ ሐዘን ነው» ይሉ ነበር። አንዳንዱ አፍሮ ይገባል።

ታሳሪዎቹ ጦርነቱ ከአካባቢያችን ሲርቅ ተለቀቁ። ኪሮስ በወጣ በማግስቱ ጋሽ ዘውዱ ወደ ሱቁ ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ኪሮስ ጎማ እየነፋ ነበር፤ አያቸውና ሥራውን ቀጠለ። ጨርሶ ሌላ ጎማ አነሣ። እሳቸው አልሄዱም። ፀሐዩ ሲበረታ ኪሮስ አንድ በርጩማ አንሥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። ተቀመጡ። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ ጋሽ ዘውዱ ተነሥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ሄዱ። በሳምንቱ ኪሮስ ዕቃውን ሸጦ ከተማውን ለቀቀ። እኔን ሊሰናበተኝ መጥቶ ነው የመጋዘኑን ነገር ያጫወተኝ። ስለ ጋሽ ዘውዱ ስጠይቀው «ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

ጋሽ ዘውዱ ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። የጡረታ ጊዜያቸው ሊደርስ ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር፤ ታገሡ ብንላቸው አልሰሙንም። ደብዳቤያቸው ላይ «የሰው ስም መጻፍ ስላቃተኝ» የሚል ነበር የጻፉት። የሰው ኃይል ሠራተኛው ይህ ምክንያት አይሆንም ብሎ «በጤና ችግር» አስብሎ አስለወጣቸው። ከዚያ ወዲያ ዝርዝር የሚባል ነገር አይጽፉም ነበር። ዕድሩ የአባላት ስም ይመዝግቡልን ቢላቸው እምቢ አሉ። የጎረቤት ልጅ ሲያገባ የተጋባዦቹን ስም ጻፉልን ቢሏቸውም እንዲሁ። ሰው እርጅና ነው አለ።

እኔ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወርኩ በኋላ አልፎ አልፎ እጠይቃቸው ነበር። ከዘጠኙ ሰዎች ከተማው ውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ ሄደው ይቅርታ እንደጠየቁ ነገሩኝ። አንዱ ይፋግ ነው ቢሏቸው ይፋግ ድረስ በአውቶቡስ ሄደዋል። ያ ብርድ ልብስ የተሰጠው መምህር «አባት፣ እርስዎ የሰጡት ወረቀት ነው እንጂ እርስዎ አልወሰዱኝም» ብሏቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ግን አልተጽናኑበትም። «ወረቀቱ ባይኖር ቤቱን ማን ያሳያቸው ነበር?» አሉኝ።

«እምቢ ቢሉስ ሌላ ሰው ይጽፈው አልነበረም?» አልኳቸው። እኔም ለራሴ የምለው ይህንኑ ነበር።

«ይጽፈው ነበር» አሉ። «በሌላ ሰው ጽሕፈት ይሆን ነበር።»

ከዚህ በላይ ስለዚያ ነገር አላነሣንም።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው አጥር ጥግ ቆሟል። ስለ ጋሽ ዘውዱ ደግነት፣ ስለ ጽሕፈታቸው ውበት፣ ማንንም ሳያመላልሱ ጉዳይ ይፈጽሙ እንደነበር ይወራል። ስለ እትዬ ለታይ የሚያነሣ የለም። ትዕግሥት ትዳሯ ሐዋሳ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ስልክም መንገድም ስለተቋረጠ የሆነውን ሁሉ ዘግይታ፣ ያውም ገሚሱን ነው የሰማችው። በሁለተኛው ቀን፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ብርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አባባ በመጨረሻው ሳምንት የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ይጠራ ነበር። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው። ቄሱ ዘመዶች ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ አንዳቸውንም አላውቅም። እነማን ናቸው?»

ዝም ልላት ይቻለኝ ነበር። ለቅሶ ላይ ናት፣ አባቷን ገና ትናንት ቀብራለች። ግን የማውቀውን ለእኔ ብቻ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ነገርኳት። ሁለቱን ሰዎች፣ ወረቀቱን፣ ማኅተሙን የመታሁት እኔ መሆኔን፣ ዝናቡን፣ የመጋዘኑን በር። አንድም ነገር አላስቀረሁባትም።

ትዕግሥት ስትሰማኝ አላለቀሰችም። «እትዬ ለታይ በብርድ ነው የሞቱት ነበር ያለኝ» አለች ስጨርስ።

«ብርድም ነው» አልኳት።

እጇን አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የምትጽፍበትን ቦታ ከፈተች።

«ስማቸውን ንገሪኝ» አለች። «እሱ ሲጠራቸው አልጻፍኩም። አላወቅኩም ነበር።»

ኪሮስን አልኩ። መምህሩን አልኩ። እትዬ ለታይ አጠገብ የተኛችውን ሴት አልኩ። ይፋግ ያለውን፣ ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ዳቦ ቤት የነበረችውን። ትዕግሥት በዝግታ እየጻፈች ጠበቀችኝ።

ሰባት ላይ ቆምኩ። ወረቀቱ ፊቴ ላይ አለ፤ ጽሕፈቱ ይታየኛል፣ ማኅተሙ ያረፈበት ቦታ ይታየኛል። ሁለቱ ስሞች ግን አልመጡልኝም። ብዙ አሰብኩ። ከጓዳው በር ሆኜ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በዓይኔ ፈለግኩ፣ ጠይቄው ሊነግረኝ የሚችል አንድም አልነበረም።